ኦስሎ በረዶ ላይ የሰማሁት መርዶ

የእናቴን መርዶ የሰማሁት ኦስሎ ውስጥ፣ በረዶ ላይ ወድቄ እየሳቅሁ ነው። ዛሬ ወደምኖርበት ቶሮንቶ ተመልሼ ገባሁ።

ኦስሎ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን መስፍንን ካርቱም ከተለያየን ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ደውሎ፣ "ቲኬት በኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ከሥራ ኦፍ ውሰጂና ነይ" ሲለኝ፣ ናፍቄው ነው ብዬ ፈነደቅሁ።

እሁድ በከተማው ባቡር ወደ ጫካው ይዞኝ ወጣ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም በረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን ረጅም ጣውላ፣ ስኪውን ተሸክሟል። (እኛ ቶሮንቶ፣ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ያን ጣውላ ይዤ ብገባ አልጋ ልገጥም የምሄድ ነው የሚመስላቸው።)

እኔም ስኪ አጥልቄ ገና ከመጀመሬ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ከሳቄ ብዛት መነሳት አቃተኝ። መስፍን ሊያነሳኝ ጎንበስ አለና እሱም አጠገቤ ቁጭ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እማዬ አርፋለች" አለኝ።

"መቼ?"

"ጥምቀት ሰሞን። አፓርትመንትሽ ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ በስልክ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ያስመጣሁሽ። ማታ ሰዎች ሲሰበሰቡ ሊነግሩሽ ነበር። ስትስቂ ሳይሽ ግን መቻል አቃተኝ።"

ጮህኩ። የሚያልፉት ሰዎች እግሬ የተሰበረ መስሏቸው ቆሙ። አንዲት ሴትዮ ጓንቷን አውልቃ እግሬን ትዳብስ ጀመር። መስፍን በቋንቋቸው ነገራት። እግሬን ለቃ እጄን ያዘችኝ።

ኦስሎ ያሉ አበሾች ለቅሶ ተቀምጠውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። መስፍን እኔን እስኪያስመጣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ነበር። ለእሱስ ማን ነገረው? ሳልጠይቀው መጣሁ።

እናንተስ፣ በስደት መርዷችሁን ስትሰሙ አጠገባችሁ ሰው ነበር?