ጋሼ ቀና በል እና ነጭ ሽንኩርታቸው

ማተሚያ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት «የነጭ ሽንኩርቱ ባለቤት!» ብላ ተጣራች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጡት ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ግን ኮታቸውን አስተካክለው ኮራ ብለው ተነሱ።

የተቀበሉት ፎቶ ትሪ ያህላል። አንዲት ነጭ ሽንኩርት ናት፣ ሌላ ምንም የለበትም። ግን ምን ዓይነት ሽንኩርት! ከፊት የተገለበው ልጣጯ፣ ሐምራዊ መስመሯ፣ ከኋላ ያለው ጺም የመሰለ ሥሯ፣ ሁሉም እኩል ጥርት ብሏል። መቼም አፌ አያርፍም፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የምትበላ ሳትሆን የምትዳር ናት» አልኳቸው።

«ስንት ሙሽራ አንስቻለሁ፣ እንደ እሷ ያስቸገረችኝ የለችም» ብለው አጠገቤ ተመልሰው ቁጭ አሉ።

የሠርግ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ ቀና በል» ይላቸዋል። አንገቱን የደፋ ሰው ካዩ አያልፉም፤ አገጩን ቀና፣ ክራቫቱን ወደ መሐል፣ የሙሽራዋን ቬሎ ወደ ኋላ ሳያደርጉ አያነሱም። ኋላ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ «ለክፉ አይሰጥም፣ ግን አይለቅዎትም» አላቸው። ያነሱት የመጨረሻ ሠርግ ጭጋግ የለበሰ ሆኖ ወጣ።

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «የሙሽራዋ እናት ‹ምንም አይደል ጋሼ› አለችኝ። የገደለችኝ እሷ ናት።»

ካሜራውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለው ቤት ዋሉ። ያወረዱላቸው ሹራብ ሠሪዋ ባለቤታቸው ናቸው። «እጅህ ካልቆመ በሚቆም ነገር ላይ አስቀምጠዋ!» ብለው ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አሰሩላቸው።

ጋሼም የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከጓዳ ያገኟትን ነጭ ሽንኩርት አስቀምጠው ማንሳት ጀመሩ። ትንሽ ነገር ቀርበው ሲያነሱት ፊቱ ከጠራ ጀርባው ይደበዝዛል። ዘዴውን ከስልክ ቪዲዮ ተማሩ፦ ፎከሱን ከፊት ወደ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየገፉ ብዙ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ የጠራውን ብቻ ለቅሞ አንድ ፎቶ አድርጎ ይገጥመዋል። የእሳቸው ካሜራ ከስልክ አንዴ ከታዘዘ፣ በየመሐሉ ፋታ እየወሰደ ብቻውን ያነሳዋል።

ግን የተገጣጠመው ፎቶ በወጣ ቁጥር ልጣጩ ሁለት ሁለት እየሆነ ይመጣል። መስኮት ዘጉ፣ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠጉ። ያው ነው።

«በቃ፣ መንቀጥቀጡ በወለሉ በኩል እየገባ ነው አልኩ። ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ካሜራውን ልሸጠው ቆረጥኩ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ብለው ሲሞክሩ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ካሜራው ቀጭ አለ። ፋታ። ደግሞ ቀጭ።

«አንተ ሰውዬ! ምን አደረግካት?»

«ማንን?»

«ሽንኩርቷን ነዋ! አሁን ነካሃት እኮ!»

«ኧረ አልነካሁም።»

«በዓይኔ በብረቱ! ልጣጯን ወደ ኋላ አደረግህላት። ቬሎ መሰለህ?»

ጋሼ ቢያዩ ጣታቸው ገና ሽንኩርቷ አጠገብ ነው። ለካስ በየፎቶው መሐል፣ ሳይታወቃቸው፣ ሲያስተካክሏት ነው የከረሙት! ፎቶውን ያበላሸው በሽታቸው ሳይሆን ዓመላቸው ነበር።

«ሳቅኩ ሳቅኩና እንባዬ መጣ» አሉኝ። «ዓመል ከሆነማ ይታሰራላ!»

ታሰረም። ባለቤታቸው «በል ና፣ ይቺን ያዝልኝ» ብለው የሹራብ ክር በሁለት እጃቸው ላይ ዘረጉባቸው። የጋሼ እጅ ክሩን እንደያዘ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤታቸው ይጠቀልላሉ፤ ማዶ ካሜራው ብቻውን ቀጭ ቀጭ ይላል። ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ ሲያወጣው፣ ከልጣጯ እስከ ሥሯ ጭጋግ የሚባል የለም። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና «እሰይ! አሁንስ ልክተፋት?» አሉ።

ፎቶውን ያየ ዘር ሻጭ ለሱቁ ግድግዳ አዘዛቸው። ቀጥሎ ደግሞ የባቄላና የበቆሎ ፍሬ ፎቶ ይፈልጋል።

«እና ሥራ እንደገና ጀመሩ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«መች አቆምኩና!» አሉኝ፣ ያንን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ።

ተራዬ ደርሶ ስነሳ ፎቷቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው፤ እጃቸው በእጄ ውስጥ ይርገፈገፋል፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«አንድ ቀን ቤት ብቅ በል፣ አሳይሃለሁ» አሉኝ። «የማነሳውን ነገር ግን እንዳትነካ፤ እኔም አልነካውም።»