ብሩሽ የሞላው ፊት

ፎቶ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ብሩሽ» ነው የሚለው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በቀጭን ብሩሽ የደንበኛን ጠባሳ ሲያጠፋ፣ የወለቀ ጥርስ ሲተክል፣ የተጨፈነ ዓይን ሲገልጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው። አሁን ብሩሹ መሳቢያ ውስጥ ደርቋል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ዝናብ ያበላሸውን፣ አይጥ የበላውን፣ ሰዎች ተጣልተው የቀደዱትን ፎቶ ያመጡለታል፤ እሱም የጎደለውን ሞልቶ ይመልስላቸዋል። አንዲት ሴት የሞተ ባሏን ጉርድ ፎቶ አምጥታ «የልጃችን ሠርግ ላይ ከጎኔ አቁምልኝ» ብትለው ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ ከረባት አስሮ አቆመላት። ትከሻውና እጁ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችውም። የፎቶ ቤቱ ዘበኛ ትከሻና እጅ ነበር።

ባዶ ቦታ ያለበት ፎቶ ለማንም መልሶ አያውቅም። ይህን አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው፤ ኋላ ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራቱ ነው።

የብሩሽ እናት ያደገችው ሰው ቤት ነው። ወላጅ እናቷ የዚያ ቤት የጓሮ ክፍል ተከራይ ነበረች። ልጅቷ ጡት እንደተወች «ሥራ ላግኝና መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላ ለቤቱ ባለቤቶች ትታት ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አሳድገው ድረዋታል። አሳዳጊዋን በክብር «እማማ» ትላቸው ነበር፤ «እማዬ» ብላ የጠራችው ሰው ግን በዚህ ዓለም የለም። ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን አንድ በአንድ እያየ ይሄ አባቱን፣ ያቺ አያቷን ይላል፤ እሷ ጋ ሲደርስ «ይቺስ ማንን መሰለች?» ይላል። ሁሉም ጸጥ። ያ ጸጥታ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ሲበላት የኖረው። ሰው ትክ ብሎ ሲያያት አትወድም፤ ሳቅ ቢያመልጣት እንኳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነው የምትስቀው።

አሁን ልቧ ደክሟል። ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋዋ ናት፤ ሐኪሙም ዳር ዳር እያለ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አንድ ቀን ብሩሽን ጠርታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችውና፣

«ስሟን ብታጣው ግድ የለኝም» አለችው። «ማንን እንደምመስል ብቻ ፈልግልኝ። የማንን ፊት ተሸክሜ እንደዞርኩ ሳላውቅ ልሂድ?»

በማግሥቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፎ ያየውን ማስታወቂያ አስታውሶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለሚሰጠው የቤተሰብ ታሪክ አፈላለግ ትምህርት ተመዘገበ። ከእሱ በቀር የተቀመጡት ጡረተኞች ናቸው፤ ገሚሱ ለመማር፣ ገሚሱ ከቤት ለመውጣት የመጣ ነው። አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቀልድ አታውቅም። ሰሌዳው ላይ ሣጥኖች ሣለች፤ ከታች አንድ፣ ከዚያ በላይ ሁለት፣ ከዚያ በላይ አራት።

«የምታውቁትን ጻፉ። ከማን እንደሰማችሁት ከጎኑ ጻፉ። የማታውቁትን ባዶ ተዉት» አለች።

ብሩሽ የእናቱ እናት ሣጥን ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ባዶነቱ ዓይኑን ወጋው። ባዶ ተዉት ማለት ምን ማለት ነው? እንዲህ ብሎ ሥራ የት አለ?

እናቱ ካደገችበት ቤት ሰዎች በሕይወት ያሉት የቤቱ ሴት ልጅ ብቻ ናቸው። እናቱ «እትዬ» እያለቻቸው አድጋ፣ እሱም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ተከራይዋ ስትሄድ ልጅ ቢሆኑም ነፍስ አውቀዋል። የቁርሳቸውን ነገር ቢረሱም የድሮውን ጨርሰው አልረሱም። ብሩሽ ሄዶ ሲጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጀመሩ።

«ፊቷ ድቡልቡል ያለ ነበር። ስትስቅ ዓይኗ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ እኛ ልጆቹ እሱን ለማየት ስንል ነበር የምናስቃት። ደግሞ እዚህ ጋ...» ብለው ጣታቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ።

«ፎቶ የለም እንዴ እትዬ?» አላቸው ብሩሽ።

ምናለ አፉን ቢይዝ! የፎቶ ሰው ነውና ከወሬው ይልቅ ወረቀቱ አጓጓው። የእትዬ ጣት አየር ላይ ቀረ፤ ሊጠቁሙት የነበረውን ትተው ተነሥተው ቁም ሣጥናቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ፎቶም ተገኘ። ወንድማቸው የተመረቀ ቀን ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ የተነሣው ነው፤ ዳር ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ቆማለች። ቀሚሷ ይታያል፣ ክንዷ ይታያል፣ የሕፃኗ እግር ይታያል። ፊቷ የለም። የሚያፈስ ጣሪያ የፎቶውን ዳር አርሶት ፊቱ ነጭ እድፍ ሆኗል።

ብሩሽ ተስፋ በመቁረጥ ፈንታ ደስ አለው። እድፍማ ሥራው ነው! ሰኞ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ደንበኞችን ወንበር ላይ እያስጠበቀ ሠራው። የእናቱን የወጣትነት ጉርድ ፎቶ አወጣ፤ ልጇ አይደለች እንዴ፣ ከልጇ የተሻለ ፊት ከየት ይመጣል? ፊቷን አሳነሰው፣ አዞረው፣ ጸጉሯን ቀየረላት፣ ብርሃኑን ከግቢው ፀሐይ ጋር አስማማ። ግራ ጉንጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንኳ ማጥፋቱን ረሳ። ሲጨርስ ራሱም ተገረመ፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ አሳምሮ ሞልቶ አያውቅም።

ወስዶ ለእትዬ አሳያቸው። «እሷ ናት! ራሷ ናት!» ብለው አለቀሱ። «ይኸው ረዘም ያለው ፊቷ። ይቺ ነጥቧ!» አሉ። ብሩሽ በደስታ ክንፍ አውጥቶ ነበርና «ድቡልቡል» የሚለው ቃል ትዝም አላለው። የአያቱን ባዶ ሣጥን ሞላው፤ ከጎኑም «እትዬ እንደነገሩኝ» ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪዋ አንድ ያረጀ ፎቶ ይዛ ገባች።

«ለትልቅ ሰው ፎቶ ከማሳየታችሁ በፊት መጀመሪያ የሚያስታውሱትን አስነግሯቸው» አለች። «ፎቶውንም እንዳለ አሳዩ፤ አትነካኩት። ሰው ያየው ፎቶ ከትዝታው ጋር ይቀላቀላል። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ማንም አይለየውም፤ ባለቤቱም ቢሆን።»

ብሩሽ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የተበላሸውን ቦታ አስተካክሎ ያሳየስ?»

«ከምን አምጥቶ ነው የሚያስተካክለው?»

«ለአንድ ደንበኛ ነው» አለ።

«ደንበኛዎ ምስክሩን አጥቷላ» ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

ትምህርቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄደ። አሁን እድፍ ያለበትን ዋናውን ፎቶ ነው ያወጣላቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሠራህብኝ? ፊቷን አጠፋኸው እኮ!»

«እኔ አላጠፋሁትም እትዬ። መጀመሪያም እንዲህ ነበር። እርስዎ እኮ ድቡልቡል ነበረች ብለውኛል። ስትስቅ ዓይኗ ይጠፋል ብለውኛል።»

«ማን? እኔ? ኧረ ሲያልፍም አልነካኝ!» ሳቁበት። «ፊቷ ረዥም ነበር አልኩህ። ነጥቧ እንኳ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል፣ እዚህ ጋ።» ጣታቸውን አነሡና ግራ ጉንጫቸውን ነኩ።

ብሩሽ ያቺን ጣት አያት። ያኔ ወዴት ስትሄድ ነበር? ወደ አገጭ? ወደ ግንባር? አሁን እትዬም አያውቁትም። ከወረቀት ላይ የማያጠፋው ነገር የለም፤ ከእኚህ ሴት ራስ ውስጥ የራሱን ሥራ የሚያጠፋበት መሣሪያ ግን አልነበረውም።

«ለእናትህም ደውዬ አብሥሬያታለሁ» አሉት በኩራት። «ቁርጥ አንቺን ናት አልኳት። አላሳየሃትም እንዴ እስካሁን? ምን ዓይነት ልጅ ነህ!»

ቤት ሲደርስ እናቱ ትራሷን ደገፍ ብላ ተቀምጣለች። ጸጉሯን አበጥራለች፤ ንጹህ ቀሚስ ለብሳለች፤ ብርድ ልብሱ ላይ የእጅ መስታወቷ ተቀምጧል። እንዲህ ተነቃቅታ ካያት ቆይቷል። ቦርሳው ውስጥ ሁለቱም ፎቶዎች አሉ። እውነቱን እነግራታለሁ ብሎ ነበር መንገዱን ሙሉ ሲያውጠነጥን የመጣው።

«አምጣት» አለችው።

«እማዬ፣ ፎቶው እኮ ተበላሽቷል፤ ውሃ ገብቶበት...»

«እትዬ አይተዋት የለም እንዴ? ለእኔ ስትሆን ነው የምትበላሸው?» እጇን ዘረጋች። «ልጄ፣ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።»

የቱን እንዳወጣ መናገር አያስፈልግም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ፎቶ ሰጥቶ አያውቅም፤ በዚህች ሰዓት፣ ለዚህች ሴት እንዴት አድርጎ ይጀምር?

ፎቶውን አየች። መስታወቱን አየች። እንደገና ፎቶውን። ጉንጯን በጣቷ ነካች።

«ነጥቧ እንኳ» አለች ቀስ ብላ። «ነጥቧን እንኳ ሰጥታኝ ነው የሄደችው።» ከዚያ መስታወቱን ተወችና ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘችው። «እማዬ» አለቻት።

እናቱ ሳቀች። እጆቿ ፎቶውን ስለያዙ ፊቷን የምትሸፍንበት አጣች። በሽታው ያሳበጠው ጉንጯ ወደ ላይ ወጣ፤ ዓይኗም ድርግም ብሎ ጠፋ። ብሩሽ እናቱን እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ሲፈልገው የከረመው ይኸው ነበር፤ ከዚያች ሴት የቀረ፣ ማንም ያልሞላው፣ እሱም ያልነካው። ልንገራት አለ በሆዱ። ግን እሱን ለመናገር የያዘችውን ፎቶ ከእጇ መንጠቅ አለበት። ምስክር ጥራ ብትለውስ ማንን ይጠራል? እትዬን?

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታየኝ?» አለችው፣ ገና ሳቋን ሳትጨርስ። «ይልቅ አልጋዬ ፊት ለፊት ስቀልልኝ።»

«እሺ እማዬ» አለ። «ሚስማር ልፈልግ።»