ጣቱ ካልታጠፈ እንዴት ይሰገዳል?

"ምሥራቅ በየት በኩል ነው?" ብለው ጠየቁ አባባ ዛሬ፣ የአጥንት ሐኪሟ ክፍል ውስጥ።

አባቴ ሞላሌ ከተማ ውስጥ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። የእግራቸው አውራ ጣት ካበጠ ቆየ። ሐኪሟ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል ለመወሰን "መጀመሪያ አረማመድዎን ልይ" አለቻቸው።

ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው የሚሄዱት አባቴ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ተራመዱላት! ሰው ፊት ማነከስ ነውር ነዋ።

"አባታችን፣ መገጣጠሚያውን በብረት ብናስረው ሕመሙ ይጠፋል። ጣትዎ ግን ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም።"

"ታዲያ እንዴት አድርጌ እሰግዳለሁ?"

"እስቲ ሲሰግዱ ያሳዩኝ።"

ምሥራቅን የጠየቁት ያኔ ነው። ግንባራቸው ወለሉን ሲነካ ሐኪሟም አጠገባቸው ተንበርክካ ጣታቸው ሲታጠፍ አየች። ፊታቸው ሲጨማደድም አየች።

"አናስረውም" አለች ቀስ ብላ። "መገጣጠሚያው ላይ የበቀለውን ትርፍ አጥንት ብቻ እናነሳለን። ትንሽ ሕመም ግን ሊቀር ይችላል።"

"እሱን ለእኔ ተይው፣ ልጄ።"

ስንወጣ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን ተደግፈው፣ ሳይደብቁ እያነከሱ ሄዱ።

የእናንተስ ወላጆች ሐኪም ፊት ሲደርሱ ነው የሚድኑት? እስቲ አጫውቱኝ።