ቆጋ ላይ የተወዳደረችው አይናለም

በ2005 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን አንድ አይሱዙ ከባሕር ዳር መጥቶ ፍኖተ ሰላም፣ ሙጬ እጅጉ የውሃ ፓምፕ ከሚጠግንበት ሱቅ ፊት ቆመ። ከላዩ በሸራ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ዕቃ ነበር። ሸራው ሲገለጥ ጎማ የሌለው ሞተር ሳይክል የሚመስል፣ አፍንጫው የሾለ ነገር ወጣ። ስድስት ሰው ተረዳድቶ አወረደው። ሙጬ ዙሪያውን አየና ሆዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባ። ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ለሚስቱ፣ "ፓምፕ ነው" አላት። "ሰው የሚቀመጥበት ፓምፕ።"

ዕቃው የወይዘሮ ሀብትነሽ ነው። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዱባይ አሥራ አራት ዓመት ኖረው የተመለሱ፣ ጣና ዳር ሎጅ የከፈቱ ሴት ናቸው። ሹፌሩ ያመጣው መልእክት አጭር ነበር። ውሃ ላይ የሚነዳው ይህ የውሃ ሞተር፣ ጄት ስኪ የሚሉት፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚደርስበት የለም፤ ሲታጠፍ ግን በጎኑ እየተንሸራተተ ከመስመር ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ የባሕር ዳር ሎጆችና ጀልባ አከራዮች በእንዲህ ያለ ሞተር ሊወዳደሩ ቀጠሮ ይዘዋል። የጣና ማዕበል ከሰዓት በኋላ ስለሚያስቸግር፣ ውድድሩ መራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ ግድብ ላይ ይሆናል። መካኒኮች ሞተሩን ሁለት ጊዜ ፈተው ገጥመው ምንም አላገኙበትም። "ነገሩ ፓምፕ ከሆነ የፓምፕ ሰው ይየው" ያሉት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው።

የሙጬ ሚስት አይናለም ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። የተወለደችው ከቡሬ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ባለ ቆላ መንደር ነው። አባቷ አገው፣ እናቷ የዳሞት ሰው ናቸው። የዚያ አገር ልጅ ወንዙ ጎድሎ ሲጠራ ከብት እያሻገረ ያድጋል፤ እሷም ከታላቅ ወንድሟ ከክንዱ ጋር የበሬ ጭራ ይዛ ስትዋኝ ነው ያደገችው። በ1984 ኅዳር ላይ ክንዱ ሁለት ጥጃ ሊያሻግር ገብቶ አልወጣም። አንደኛው ጥጃ ወጣ። አይናለም አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዳር ቆማ ታይ ነበር። እናቷ ሳምንት ሳይሞላ ቡሬ፣ አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። እሳቸውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ባላቸው ሲሞት መነኮሱ፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ተባሉ።

አይናለም ቡሬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረች። በ1993 ሙጬን አግብታ ፍኖተ ሰላም ገባች። የመስኖ ፓምፕ በየገበሬው ማሳ በገባበት ዘመን ባልና ሚስቱ ሥራ አልፈቱም። እሷ መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ቱቦ ትሸጥ ነበር፤ ቀጥሎ የመጋጠሚያ ክፍተት የሚደፍን ጋስኬት መቁረጥ ለመደች፤ በኋላ ፓምፕ ፈታ ስትገጥም ከባሏ የሚለያት አልነበረም። ሙጬ ብልሽትን በጆሮው ያውቃል፤ እሷ እጇን አስደግፋ ንዝረቱን ታዳምጣለች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከወንዝ ዳር ፓምፕ ተክላ ታውቃለች እንጂ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውሃ ውስጥ አልገባችም።

የውሃ ሞተሩን ለመሞከር በጋሪ ጎትተው ቅርብ ወዳለው ገራይ ግድብ ወሰዱት። ሙጬ ዋና አያውቅም። ያም ሆኖ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሱ ወጣበት። ሃያ ክንድ ያህል ሄዶ መሪውን ሊያዞር ሲል ጣለው። ውሃው ደረቱ ድረስ ብቻ ነበር፤ እየተደናበረ ወጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

አይናለም ነጠላዋን አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ አኖረች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አላት።

"እኔ ልሞክረው።"

"ትችያለሽ?"

"ድሮ እችል ነበር።"

ሙጬ የክንዱን ታሪክ ያውቃል፤ ስትዋኝ ግን አይቷት አያውቅም። ውሃው ወገቧ ሲደርስ ቆመች። ትንሽ ቆይታ እንደ መተኛት ብላ ሄደች፤ ሞተሩ ጋ ስትደርስ አንድም ጠብታ አልረጨችም። በኋላ ስትናገር፣ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ኀፍረት እንደ ነበር ነው የምትለው። ገላዋ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይረሳ ቆይቶ ነበር፤ እሷ ግን የረሳ መስሏት ነበር።

አራት ጊዜ ዞራ ተመለሰች።

"አየር ይስባል" አለች። "ቀጥ ብዬ ስሄድ ደህና ነው። ሳዞረው ሆዱ ከውሃው ይነሳና ፓምፑ ባዶውን ይጮኻል። ያን ጊዜ መሪው ሞተ።"

ይህ ለሁለቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ገበሬ ፓምፑን ተሸክሞ መጥቶ "ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይሰጥም" ሲል፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መሳቢያው በአንድ ቦታ አየር ያስገባል። ሙጬ ሆዱን ፈታው። የፓምፑ አፍ ከፕላስቲኩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የስንዴ ፍሬ የምታሳልፍ ክፍተት አገኘ፤ አይናለም ከጎማ ጋስኬት ቆርጣ ደፈነችው። ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር ጫፉ ተበልቶ ነበር፤ ቡሬ ቶርኖ ቤት ወስደው አስሞሉት።

የቀረው መንሸራተቱ ነው። ከሞተሩ ጎንና ጎን ውሃ የሚቆነጥጡ ሁለት አጫጭር ክንፎች አሉ። ሙጬ በሦስት ጣት ዝቅ አደረጋቸው። አይናለም በዚያ ሁኔታ ስታዞረው ሞተሩ ውሃውን በአንዴ ነክሶ ቆመና እሷን ወረወራት። ስትወጣ ትከሻዋን እያሸች፣ "አሁን ደግሞ በዛ" አለች። "ሁለት ጣት አድርገው።" ሁለት ጣት ሆነ።

አንድ ነገር ግን የሙጬ መፍቻ የማይደርስበት ነበር፤ ያን ያገኘችው ብቻዋን ነው። ሰው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ፈርቶ የነዳጅ መስጫውን ይለቃል። ይህ ሞተር ግን የሚታጠፈው በሚገፋው ውሃ ነውና፣ መስጫው ከተለቀቀ መሪው ለይስሙላ ነው የሚዞረው። አይናለም ከመታጠፊያው በፊት ጥቂት ለቀቅ አድርጋ አፍንጫውን ታስጠልቃለች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተጋድማ ነዳጁን ትሰጣለች። ጥቅምት ሲያልቅ ሞተሩ ውሃው ውስጥ በተከለችው እንጨት ዙሪያ ሳይሸሽ ይዞር ጀመር። የግድቡ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ መጀመሪያ ከብት እንዳይደነብር ሰዓት ወስነውላት ነበር፤ በኋላ ራሳቸው በዚያ ሰዓት እየመጡ ይቀመጡ ጀመር።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ኅዳር መጨረሻ ላይ ዕቃቸውን ሊያዩ መጡ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ሞተሩን ይነዳላቸው የነበረው ቴዎድሮስ የሚባል ወጣት ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሌላ ሎጅ ሄዶባቸዋል። አይናለም ስትዞር ቆመው አዩ። ሁለተኛ ዙር እንድትደግም ጠየቁ።

"ማን አስተማረሽ?" አሏት።

"ማንም። ሞተሩን ስንሞክር ነው፣ እትዬ።"

"ቆጋ ላይ አንቺ ትነጂዋለሽ።"

አይናለም ባሏን አየች። ሙጬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

"ከእሷ በቀር እሱን የሚያውቀው የለም" አለ። "እኔ ግን ሂጂም አትሂጂም አልልም። እናቷን ትጠይቅ።"

ቡሬ ሄደች። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በምትገኝ አንዲት ክፍል ቤት ይኖራሉ። አይናለም ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ ወደ ውሃ መግባቷን፣ ሱሪ መልበሷን፣ ሰው ፊት ልትወዳደር መጠየቋን። እማሆይ መቁጠሪያቸውን እያሳለፉ ጨርሰው ሰሙ።

"እርስዎ አይሆንም ካሉ እተወዋለሁ" አለች።

"ውሃ ክንዴን ወስዶብኛል" አሉ እማሆይ። "ዓይኔንም ከፈለገ፣ ሳላይ አይውሰድ።"

አይናለም ፈቃድም ክልከላም ያልሆነውን ይህን ቃል ይዛ ወጣች። አውቶቡስ ስትሳፈር ነው የገባት፤ እናቷ ሊመጡ ነው።

መጡም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ቆጋ ዳር፣ ሙጬ ባዘጋጀላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከመራዊና ከአካባቢው ብዙ ሰው ወጥቶ ነበር። ስድስት ሞተሮች፣ አራት ቢጫ በርሜሎች፣ አምስት ዙር። ሴት አይናለም ብቻ ነበረች። የባሏን ሱሪ ለብሳ፣ ከላይ ቀይ ተንሳፋፊ ሰደርያ አጥልቃለች። ቴዎድሮስ በአዲሱ ሎጁ ሞተር ከጎኗ ቆመ።

"ያ ነገር መታጠፊያ ላይ ይጥልሻል፣ እህቴ፤ ተጠንቀቂ" አላት። ከክፋት አልነበረም፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ጥሎት ያውቃል።

"እሺ፣ አመሰግናለሁ" አለችው።

የቴዎድሮስ ሞተር ይበልጥ ጉልበት ነበረው። ቀጥ ባለው መስመር ላይ ሁልጊዜ ጥሏት ይሄዳል፤ በርሜሉ ጋ ሲደርስ ግን ሰፊ ክብ ሠርቶ ነው የሚዞር። እሷ በርሜሉን በክርኗ ልትነካው እስክትቀርብ ድረስ ተጠግታ ትዞራለች። በሦስተኛው ዙር ጅራቱ ላይ ደረሰች። በአራተኛው ዙር፣ ሦስተኛው በርሜል ላይ በውስጥ በኩል አለፈችው። ዳር ያለው ሰው ተነሣ፤ እማሆይ አልተነሡም።

በመጨረሻው ዙር፣ ከዳር ራቅ ባለው በርሜል አጠገብ፣ ሞተሯ በድንገት ጮኸና ፍጥነቱ ሞተ። ድምፁን አወቀችው፤ መሳቢያው ተዘግቷል። ነፋሱ ከግድቡ ጠርዝ የነቀለው ሣር ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ ያን ስቦ ነው። ቴዎድሮስ አለፈ፤ ሁለት ሌሎችም ተከተሉት።

ሞተሩን አጠፋች። ሣሩን ለማውጣት ከሆዱ ሥር መግባት ያስፈልጋል፤ ሰደርያው ደግሞ ሰው እንዲሰጥም አይፈቅድም። አውልቃ ኮርቻው ላይ አኖረችውና ገባች።

ከዳር የሚታየው ባዶ ሞተርና ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ቀይ ሰደርያ ነበር። ሙጬ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ዋና እንደማይችል ያስታወሰው አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። የነፍስ አድን ጀልባው ገና ሞተሩን እያስነሣ ነበር። እማሆይ መቁጠሪያቸው ቆሞ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። አይናለም አንድ ጊዜ ለመተንፈስ ወጣች፤ እሷ የነበረችው በወዲያኛው ጎን ስለሆነ ከዳር ማንም አላያትም። ተመልሳ ገባች። የመሳቢያውን ወንፊት በጣቷ አግኝታ፣ የተጠቀለለውን ሣር እየጎተተች አወጣችው።

ወጥታ ኮርቻው ላይ ስትወድቅ ከዳር አንድ ትልቅ ትንፋሽ ተሰማ። ሰደርያዋን ለበሰች፤ ሞተሩን አስነሥታ የቀረውን በርሜል በአግባቡ ዞረችና ገባች። ከስድስቱ አንዱ ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ስለቆመ፣ ከአምስት አራተኛ ሆነች።

እማሆይ ዘንድ እየተንጠባጠበች ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ፊቷን ጠረጉላት።

"እታች ምን ነበር?" አሏት።

"ሣር ነው፣ እማሆይ።"

"ሣር ብቻ?"

"ሣር ብቻ።"

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቡሬ ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ተኝተው ነበር ይላል ሙጬ፤ በመኪና ላይ ሲተኙ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቴዎድሮስ አንደኛ ወጥቶ ነበር። በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም መጣና ሱቁ ውስጥ ትንሽ ተቅበዘበዘ፤ ከዚያ አዲሱን ሞተር ሊያመጣው ይችል እንደሆነ ጠየቀ። አይናለም አልከለከለችውም። "ሞተሩን እንሠራዋለን፤ መታጠፊያ ላይ የነዳጅ መስጫውን መልቀቅህን ግን አንተው ነህ የምትተወው" አለችው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል የባሕር ዳር የውሃ ሞተሮችና ጀልባዎች እየተጫኑ ፍኖተ ሰላም ይመጡ ነበር።

አይናለም በ2006 ሁለተኛ፣ በ2007 አንደኛ ወጣች። አንደኛ በወጣችበት ዓመት የምስክር ወረቀቷን የሞላው ሰው እንዲህ ላለ ውድድር የተዘጋጀ ቅጽ ስላልነበረው፣ "በውሃ ዋና" ብሎ ጻፈላት። እንዲያስተካክል ብትጠይቀው፣ "ያው ውሃ አይደለም ወይ?" አላት። ሙጬ በመስታወት አስገብቶ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው።

በ2008 ክረምት አገሩ ታወከ፤ ጎብኚ ቀረ፤ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር አልተካሄደም። ወይዘሮ ሀብትነሽ ሞተሩን ለሐዋሳ ሰው ሸጡ። አይናለም ሲጫን አልሄደችም፤ የዚያን ቀን የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣ ፓምፕ ተበላሽቶ ጅጋ ሄዳ ነበር። አሁን በወር አንዴ ለዕቃ መራዊ ትመላለሳለች። ቆጋ ግድብ ዳር ከዚያ ወዲህ የቆመችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የገበሬ ፓምፕ ልትጠግን።