ሐኪሟ እኔን የጠየቀችኝ ጥያቄ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ከአንድ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ከባለቤቴ ከጥሩነሽ ጋር ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቃር እንቅልፍ ነሥቶኝ፣ ከዘንዘልማ በባጃጅ አሳፍራ ያመጣችኝ እርሷ ናት።

አጠገባችን አንድ የወረታ ነጋዴ ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ይሏቸዋል። እርሳቸውም ጨጓራቸውን አሟቸው ነው የመጡት።

«የእናንተን ጨጓራ የሚልጠው ጾሙ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

«የእናንተስ ረመዳን? ይልቅ በርበሬ ታበዛላችሁ» አልኋቸው።

«በርበሬውን ከማን ገበያ የምንገዛው መሰለዎት!»

ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር... ጎረቤታችንን በጨጓራ ካንሰር የቀበርነው ከጥምቀት ወዲህ ነው።

ተራዬ ደረሰና ከጥሩነሽ ጋር ገባን። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ ይህ ካንሰር የሚሉት በእኛ ዘር የለም» አልኋት። ሰባት ቤት ልቆጥርላት አስቤ ነበር።

«አባባ፣ የበሽታው መጠን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ እውነት ነው። ግን ዘር ብቻውን አይደለም። ጨው የበዛበት ምግብ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ከልጅነት ጀምሮ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ደግሞ ከሴት ይልቅ በወንድ ላይ ይበዛል። ዕድሜዎም ስለገፋ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራዎን እናየዋለን።»

«ወንድ» ስትል ጎረቤታችን ትዝ አለኝ።

«ትንሽ ቀምሰው ቶሎ ይጠግባሉ?»

«የለም።»

«ምግብ ያስጠላዎታል?»

«የለም።»

«ልብስዎ ሰፍቶዎታል?»

«የለም» ልል አፌን ከፍቼ ቀረሁ...

ዓይኔ ከጥሩነሽ መቀነት ላይ ዐረፈ። ዱሮ ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው ሦስት ዞሮ፣ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ሌላው ሁሉ መጣብኝ። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ሁለት ጉርሻ ትጎርስና ወጡን በጣቷ ወደ እኔ ትገፋለች። እኔም ለባሏ ያላት ክብር ነው እያልሁ ጠርጌ እበላለሁ። ትሪው ባዶውን ሲነሣ ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል?

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ እርሷን ጠይቂልኝ» አልሁ።

«ኧረ ዶክተር፣ የታመሙት እሳቸው ናቸው!» አለች ጥሩነሽ ነጠላዋን እየሰበሰበች። «ደግሞ የወንድ በሽታ ነው ብለሽ የለ?»

«በወንድ ይበዛል አልኩ እንጂ ሴት አይነካም መች አልኩ፣ እማማ? ትንሽ ሲበሉ ይጠግባሉ?»

ጥሩነሽ መሬት መሬት አየች።

«ከመስቀል ወዲህ... እሳቸው እንዳይደነግጡ ብዬ...»

በማግስቱ በባዶ ሆዳችን ተመልሰን ሁለታችንም በካሜራ ታየን። የእኔ ቁስለት ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠኝ። ከእርሷ ግን ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ሰኞ ነው።

እስከዚያው በየሰሃናችን እንብላ ብዬ አዘዝሁ። ጥሩነሽ ተቆጣች፤ «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

ዛሬ ምሳ ላይ ከሰሃኗ ከግማሽ በላይ ሳይነካ ቀረ። ቁጭ ብዬ አየሁት... እኔም መጉረስ አቃተኝ።

ክብር እየመሰለኝ ስጎርስ የከረምሁት ለካ የእርሷን ሕመም ኖሯል።