መጨረሻ የነካው ማን ነው?

ሰዲቅ ይማም ደረሳ ሆኖ ሸኽ ዘንድ ቁርኣን ሲማር የሸኹን ሬዲዮ ፈታ። ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ነበር። ሸኹ አልተቆጡም፤ «መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሰዲቅ እጁን አወጣ። «እንግዲያው የሚገጥመውም እሱ ነው» አሉት። አራት ቀን ፈጀበት፤ ሬዲዮው ግን ተናገረ።

ዛሬ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። መኪና ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ያችኑ የሸኹን ጥያቄ ይጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ናት። አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው የሰው እጅ በቅርብ ጊዜ ባረፈበት ቦታ ነው፤ ሰው ግን የነካውን ይረሳል።

በነሲባ መኪና ላይ ግን ጥያቄዋ አልሠራ አለች።

ነሲባ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ስትሄድ ልጇን አርዋን እናቷ ዘንድ ትታት ነበር፤ ስትመለስ ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ነው ያየቻት። በያዘችው ገንዘብ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛች፤ ከደጎሎ ስንዴና ገብስ ጭኖ ደሴ ያደርሳል። መኪናው ከሠራ እዚሁ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ካልሠራ ይሸጣል፣ እሷም ወደ አረብ አገር ትመለሳለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰዲቅ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያስበዋል።

መኪናው ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት አልነሳ አለ። በመካነ ሰላም ብርድ ቁልፉ ሲዞር ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ያቃስትና ዝም ነው። ሾፌሩ ምንይችል ዘዴ ፈጠረ፤ የትም ቢያድር ቁልቁለት ፈልጎ ያቆማል፣ ጠዋት ፍሬኑን ለቆ እያንደረደረ ያስነሳል። ዘዴው መኪናውን አንቀሳቀሰ፣ ብልሽቱን ግን ሸሸገው።

ቀን ሙሉ ሲነዳ የዋለ መኪና ጠዋት ባትሪው ደክሞ ከተገኘ፣ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ዲናሞው አላመነጨም፤ ወይ ያመነጨው ባትሪው ጋ አልደረሰም፤ ወይ የደረሰው ሌሊት ፈሰሰ። ሰዲቅ በዚሁ ቅደም ተከተል ሄደ። መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ነካው፤ ላልቶ ነበር፣ አጠበቀው። መኪናው ሳምንት ሠርቶ ተመለሰ። ዲናሞውን ፈታ፤ ካርቦኑ አልቆ ነበር፣ ቀየረው። አሥር ቀን ሠርቶ ተመለሰ። ከዲናሞው እስከ ባትሪው ያለውን ሽቦ በሙሉ ፈትሾ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አሰረው። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ሲያስጠጋ ሃያ ስምንት ቮልት አሳየው። ለሃያ አራት ቮልት መኪና ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሸኘው። በአምስተኛው ቀን ተመለሰ።

ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያገኘው ብልሽት ሁሉ እውነተኛ ብልሽት ነበር፤ በሽታው ግን ሌላ ነው። ሰዲቅ ወደ ሦስተኛው ተሻገረና የሌሊት ፍሳሽ ፈለገ። ሁሉንም አጥፍቶ፣ የባትሪውን ሽቦ ፈትቶ፣ መሀል ላይ አምፖል አስገባ፤ የሚፈስ ነገር ካለ አምፖሉ ይበራል። አልበራም። የቀረው ሰው ነበርና በሰው ላይ ዞረ።

«መብራት አብርተህ ነው የምታድር» አለ ምንይችልን።

«ጋሼ፣ በመድኃኔዓለም! መብራቱ ቀንም አይበራ፣ እንኳን ሌሊት።»

ነሲባ ባትሪዎቹን ቀየረች። አዲሶቹም ወር ሳይሞላቸው ደከሙ። ባለፈው ቅዳሜ ወረኢሉ ገበያ ቁልቁለቱን ሌላ መኪና ቀድሞ ስለያዘው፣ ምንይችል ሜዳ ላይ አቁሞ አደረ። ጠዋት መኪናው ሙሉ ጭነት እንደተሸከመ ደርቆ ቀረ። ስንዴውን ሌላ መኪና ወሰደው።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ተጎትቶ ሰዲቅ ደጅ ደረሰ። ነሲባ ከጋቢናው ወረደች።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሽ ሰዲቅ። ገዢ ከደሴ ተነሥቷል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይደርሳል።»

«ወዐለይኩሙሰላም። ልትሸጪው ነው?»

«ምን ላድርግ? እንደ ላም እያሰርኩ ልቀልበው?»

ሰዲቅ ቴስተሩን አነሣ። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ ሃያ አራት ነጥብ ሦስት አሉት። ሙሉ አይደለም፣ ሞተሪኖ ለማዞር ግን አያንስም። ቁልፉ ሲዞር ቁጥሩ ወደ አሥራ አምስት ወደቀ። ቴስተሩን ሊወረውረው ምንም አልቀረው።

«ምን ዓይነት መኪና ነው ይሄ? ኃይሉ ተመርቶ ይደርሰዋል፣ ሌሊት አይፈስም፣ ጠዋት የለም! ጅን ይጠጣዋል?»

ምንይችል የውሃ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ባትሪዎቹ ሄደ። «ጅኑን እንጃ፣ የምትጠጣዋን ግን አውቃታለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ይቺ የዳር ባትሪ። በየሳምንቱ ውሃዋን ትጨርሳለች። ያቺ ውስጠኛዋ ጠብታ አትነካም። አንዷ ጠጪ፣ አንዷ ጾመኛ። በአንድ ቤት እንዴት እንደሚኖሩ እንጃላቸው።»

ሰዲቅ ቆመ። «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቁኝ? እርስዎ የሚጠይቁት ስለ መብራት ብቻ ነው።»

ነገሩን ቀስ ብለን እንየው፤ ማለፊያ ነገር ነውና። ሃያ አራት ቮልት የሚባለው አንድ ባትሪ አይደለም። ባለ አሥራ ሁለት ሁለት ባትሪዎች እንደ ጥማድ በሬ ተጠምደው ነው። ሰዲቅ ሦስት ወር ሙሉ ይለካ የነበረው ጥማዱን ነው። አሁን እያንዳንዱን በሬ ለብቻው ለካ። ጠጪዋ አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ጾመኛዋ አሥራ አንድ ነጥብ አራት! ሲደመሩ ያው ሃያ አራት ነጥብ ሦስት። አንዷ እስኪያፈላት ጠግባለች፣ ሌላዋ በረሃብ ሞታለች፤ ድምሩ ግን ደህና ይመስላል።

ዲናሞው ለሁለቱም እኩል ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከአንዷ ብቻ የሚበላ ነገር አለ፤ እሱም ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ መኪናው ሲሄድ ነው የሚበላው። አምፖሉ ያልበራውም ለዚህ ነበር። ሰዲቅ ጎንበስ አለ። ሁለቱ ባትሪዎች ከሚገናኙበት ወፍራም ሽቦ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተነሥታለች። በጣቱ ተከተላት። በሻሲው ሥር አልፋ፣ በጋቢናው ወለል ቀዳዳ ገብታ፣ ከመኪናው ቴፕ ኋላ ወጣች። ቴፑ የትንሽ መኪና ነው፤ የሚፈልገው አሥራ ሁለት ቮልት ነው። በዚያው ላይ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያና የተሳፋሪ ስልክ የሚሞላበት ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ተቀጥሎበታል። ከደጎሎ ደሴ ድረስ፣ መንዙማውም መዝሙሩም ስልኩም ከዚያች ከአንዷ ባትሪ ነበር የሚበላው። ጋራዥ ሲደርሱ ደግሞ ምንይችል በአክብሮት ሁሉንም ያጠፋዋል።

የሽቦዋ ጫፍ በቀይ የስፌት ክር ታስሯል። በመካነ ሰላም ሽቦ በቀይ ክር የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ትዝ አለው። መኪናው የተገዛ ሰሞን ነበር። ነሲባ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ተብላ ሰዉ ስጦታ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ ይህን ቴፕ አመጣ። ሃያ አራቱን ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርድ ዕቃ ስላልነበረው፣ ከአንዷ ባትሪ ጠልፎ አገናኘው። ያኔ ቴፕ ብቻ ነበር፤ ጉዳቱም አልታየም።

«አገኙት?» አለች ነሲባ ከኋላው።

ክሩን በጥሶ ኪሱ ቢከተው የሚያውቅ አልነበረም።

«አገኘሁት።»

ነሲባ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሺ፣ መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰዲቅ። ክሩን አሳያት፣ ነገሩንም ከሥሩ አስረዳት።

ነሲባ ፈነዳች። «ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ይህን ልጅ እንደ ሌባ ሲያዩብኝ! እኔስ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ አርዋ አይታው ምግብ እምቢ ብላ!»

«ይገባኛል። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። አንተም አውፍ በለኝ፣ ምንይችል።»

«እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ» አለ ምንይችል፤ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ሰዲቅ ሽቦዋን ነቀለ። የሞተችውን ባትሪ አውጥቶ የገዛ ጋራዡን ባትሪ ለጊዜው ተካ፤ ተመሳሳይ ጥንድ እስኪገኝ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ ሜዳ ላይ።

ገዢው ሲደርስ መኪናው እየሠራ ነበር። ዞሮ ዞሮ አየውና «አይነሳም ብለው አልነበር?» አለ።

«አዎ፣ ነበር» አለች ነሲባ። «አሁን አይሸጥም። በመንገድ ስላለፋሁዎ ይቅርታ።» ሰውየው እያጉረመረመ ወደ መናኸሪያው ወጣ።

ነሲባ ወደ ሰዲቅ ዞረች። ቁጣዋ ገና አልበረደም። «እርስዎንም አልለቀቅኩም። ነገ ደጎሎ ስንዴ አለ። ደርሶ መልስ አብረው ይሄዳሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ለየብቻ ይለካሉ። እኔ በድምር አላምንም ከእንግዲህ።»

«እሺ።»

«ቴፕስ?» አለ ምንይችል ደንግጦ። «እትዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለን?»

«ጋሽ ሰዲቅ በቴፑ ፈንታ መንዙማ ይዘይሩልሃል» አለችና ሻንጣውን ወደ ቦታው ልትመልስ ወደ ቤቷ ወጣች።