ያልተጻፈው ጥገኛ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ግን ወረቀት ይሻለኛል። ለዚህ ያነሳሳችኝ ባለፈው ሳምንት ጉደር ያለው ቤቴ የመጣች የቀበሌ መዝጋቢ ናት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጃንጥላዋን በትከሻዋ ደግፋ፣ "ጥገኛ አለ?" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። የተቀየመች መሰለኝ። እኔ ግን ስምቦ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው አምቦ፣ አዳዳ ቤት ነው፤ አዳዳ የአባቴ እህት ናት። ውሃ እቀዳለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ለተከራዮቹ ተማሪዎች ልብስ አጥባለሁ። ስምቦ ከተከራዮቹ አንዷ ነበረች። የሸነን ከተማ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ድንች ቀቅዬ በዳጣ ሳቀርብላት ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ትበላለች፤ ዳጣው ከጣቷ ወደ ቁልፎቹ ይተላለፋል፤ እሱንም የምጠርገው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጭንቅላቷን ይዛ አገኘኋት።

"ያ ሌንሴ፣ ጥገኞቹ ገደሉኝ" አለች፣ ስሜን በኦሮምኛ ጠርታ።

እኔ ጥገኛ የማውቀው ከአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚኖር ትል።

"መድኃኒት ወሰድሽ?" አልኳት።

"እኔን አይደለም፣ ፕሮግራሙን ነው!"

ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ስልኬን ከጠረጴዛዋ ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ፣ እንዳይጋባበት።

ከት ብላ ሳቀች። "ትል አይደለም፣ አንቺ ሞኝ። ዲፔንደንሲ ይባላል፤ በአማርኛ ጥገኛ ልበልሽ። ፕሮግራም ስሠራ ሁሉን ነገር እኔ አልጽፈውም። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን ፓኬጅ እወስዳለሁ፤ አንዱ ቀን ይቆጥርልኛል፣ አንዱ ሠንጠረዥ ያወጣልኛል። የወሰድኳቸውን በየስማቸው አንድ ዝርዝር ላይ እጽፋለሁ። ሌላ ኮምፒውተር ያንን አንብቦ ከኢንተርኔት ያመጣቸዋል።"

"ታዲያ የተጠጋሽው አንቺ ሆነሽ፣ ጥገኛ የሚባሉት እነሱ?"

"እሱን ተይኝ" አለች።

ተውኳት። እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም።

ሥራዋ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነበር። በማግስቱ መምህራኑ ፊት፣ በእነሱ ኮምፒውተር ካልሠራ በዚያ ዓመት አትመረቅም። እናቷ ለምርቃቱ በገብስና በቅቤ የሚሠራውን ጭኮ አዘጋጅታለች፤ የሚቀራት መሳፈር ብቻ ነው። ለመሞከር ብላ የጎረቤቷን ኮምፒውተር ተዋሰች፤ እዚያ ላይ ፕሮግራሙ እምቢ አለ። ቀይ ጽሑፍ ብቻ። ሦስት ጊዜ ገለበጠችው፣ ሦስቴም ያው ቀይ።

"ቀን የሚቆጥረው የለም ይላል! አለ እኮ! ይኸው፣ እኔ ጋ አለ!" እያለች ሁለቱን ኮምፒውተሮች በየተራ ታሳየኛለች፣ እኔ የማውቅ ይመስል። እንባዋ መጥቷል።

"አለ እኮ" ማለቷ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። በዚያው ሳምንት ቀበሌ ለዘይትና ለስኳር ቤተሰብ ሲመዘግብ ከአዳዳ ጋር ተሰልፌ ነበር። ጸሐፊው "ስንት ናችሁ?" ሲላት "አራት" አለች፤ እሷና ሦስት ልጆቿ። እኔ ባዶውን ጀሪካን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አዳዳ ክፉ አልነበረችም። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ቤት ስላለሁ ረስታኝ ነው። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።

"ስምቦ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "ተጽፏል?"

"አለ እያልኩሽ!"

"መኖሩማ አለ። ተጽፏል ወይ?"

አፍጥጣ አየችኝ። ዝርዝሩን ከፈተች። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች፣ እንደገናም ወጣች። የለም። አንደኛ ዓመት ሳለች ኮምፒውተሯ ላይ ያስገባችው ነው፤ ሁልጊዜ ስለነበረ መጻፉን ረስታዋለች። ስሙን ጻፈች፣ ከጎኑ ስንተኛው እትም እንደሆነ ቁጥሩን ጨመረች። በተዋሰችው ኮምፒውተር እንደገና ስታስነሳው ቀዩ ጽሑፍ ቀረ፤ የሕፃናቱ ስም ከነቀጠሯቸው ተደረደረ።

"እንዴት አወቅሽ?" ብላ እየሳቀች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አላወቅሁም። የጀሪካኑን ነገር ብቻ ነገርኳት። መሳቋን አቆመች።

በማግስቱ መምህራኑ ፊት ሠራላት። በምርቃቷ ቀን እናቷ ያመጣችውን ጭኮ ስምቦ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ የቅቤው ሽታ ቀሚሴ ላይ ሰነበተ።

ባለፈው ሳምንት ለመጣችው መዝጋቢ እኔና አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ እንዳለን ነገርኳት። "አንቺ ኃላፊ፣ እሷ ጥገኛ" ብላ ለየችን። እውነት ነው፣ የምትበላው እኔ ሠርቼ ነው። ግን ስልኬ ላይ በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ናት። ማን ማንን እንደተጠጋ አሁንም ይምታታብኛል። ብቻ እስክሪብቶው ሁለታችንንም ጽፎ እስኪያበቃ ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም።

ስምቦን ከምርቃቷ ወዲህ አላየኋትም። ያን ቀን የሸነን መኪና ሲነሳ፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ብላ ጮኸችብኝ፦

"ያ ሌንሴ! አለሁ ብለሽ ዝም አትበይ፤ ስምሽን አስጽፊ!"